የድሮ የስካንዲኔቪያ ሳህኖች ማህተም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስቶክሆልም ውስጥ «ሎፒስ» በሚባለው የልባሽ ዕቃ ገበያ አንድ ሳህን ሲያነሱ መጀመሪያ መገልበጥ ጥሩ ልማድ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከገለበጡ በኋላ፣ ከስር ያለውን ማህተም ብቻ አይቶ ዕድሜ መቁረጥ ሲጀመር ነው። ማህተሙ የፋብሪካውን ስም ይናገራል። ዘመኑን ለማወቅ ግን የሸክላው ዓይነትና የስዕሉ አሠራርም አብረው መታየት አለባቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«1726 ስለሚል በ1726 የተሠራ ነው»

አይደለም። 1726 የስዊድኑ ሮርስትራንድ የተመሠረተበት ዓመት ነው። የዴንማርኩ ሮያል ኮፐንሃገን በ1775፣ የስዊድኑ ጉስታቭስበርግ በ1825፣ የፊንላንዱ አራቢያ በ1873 ተመሥርተዋል። የምሥረታ ዓመቱን ማህተም ላይ የሚያሰፍር ፋብሪካ በዕድሜው የሚኮራ ፋብሪካ ነው፤ ስለዚህ ያ ቁጥር ዕቃው ከተባለው ዓመት ብዙ ዘግይቶ መሠራቱን ይጠቁማል።

«ሦስት ሰማያዊ ሞገዶች ካሉት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። ሦስቱ ሞገዶች የሮያል ኮፐንሃገን ምልክት ናቸው፤ የዴንማርክን ሦስት የባህር ወሽመጦች ማለትም ኤረሱንድን፣ ታላቁ ቤልትንና ትንሹ ቤልትን ይወክላሉ። ከ1775 ጀምሮ አልተቋረጡም፣ ዛሬም አሉ። ስለዚህ ከሞገዶቹ ጎን ያለውን ማየት ያስፈልጋል። ዘውድና የፋብሪካው ስም በፊደል አብረው ከታተሙ፣ ዕቃው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ነው።

ከ1935 ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ዓመቱን ራሱ ይነግረናል፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። «ሮያል ኮፐንሃገን» በላቲን ፊደል (ROYAL COPENHAGEN) ሲጻፍ 15 ፊደላት አሉት። ከ1935 እስከ 1949 ባለው ጊዜ ከአንዱ ፊደል በላይ አጭር ሰረዝ ትቀመጥ ነበር። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ፊደል ላይ ከሆነች 1935፣ በሁለተኛው 1936 እያለ በ15ኛው ፊደል 1949 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሰረዟ ወደ ፊደሎቹ ግርጌ ወረደች።

ለማንበብ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። መሳሳት የሚመጣው የሚደጋገሙ ፊደላት ስላሉ ነው። «ኦ» ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ቃል ውስጥ ከሆነ 1936፣ በሁለተኛው ቃል ከሆነ 1941 ነው። «A» የሚለው ፊደልም እንዲሁ 1938 ወይም 1946 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን ከመጀመሪያው ፊደል ተነስቶ ስንተኛ እንደሆነ መቁጠር ይሻላል።

አጠገቡ በእዝባር (/) የተከፈለ ቁጥር ካለ የመጀመሪያው የጌጡ፣ ሁለተኛው የቅርጹ መለያ ነው። ለብቻው የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ወይም ፊደል ብዙውን ጊዜ የሠዓሊው ምልክት ነው። አራት አሃዝ ያለው የቅርጽ ቁጥር ዓመት ይመስላል፤ ዓመት ግን አይደለም። ሞገዶቹን የሚቆርጥ የተፋቀ ጭረት ካዩ ደግሞ የአደጋ ጉዳት እንዳይመስልዎ፤ ፋብሪካው ሁለተኛ ደረጃ ብሎ የለየበት ምልክት ነው፣ ዋጋውንም ዝቅ ያደርጋል።

«መልህቅ ካለው ጉስታቭስበርግ ነው»

የኖርዌዩ ፖርስግሩንድም መልህቅ ተጠቅሟል። ከመልህቁ ጋር ያሉትን ፊደላት ሳያነቡ አይወስኑ።

«አራቢያ ከዓረብ አገር የመጣ ነው»

አራቢያ የሄልሲንኪ ሰፈር ስም ነው። ፋብሪካውን እዚያ ያቋቋመው ሮርስትራንድ ነው።

«የ1960ዎቹ ጌጥ ስለሆነ ዕቃውም የ1960ዎቹ ነው»

ጌጡ የተነደፈበት ዘመንና ሳህኑ የተሠራበት ዘመን ይለያያሉ። ስቲግ ሊንድበርግ ለጉስታቭስበርግ የነደፈው በአረንጓዴ ቅጠል የተሞላው «ቤርሶ» እስከ 1974 ከተመረተ በኋላ ቆመ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ወጣ። ማሪያን ቬስትማን ለሮርስትራንድ የሠራችው ሰማያዊ አበባ ያለበት «ሞን አሚ» በ1987 ቆሞ በ2008 ተመለሰ። ቢርገር ካይፒያይነን ለአራቢያ የነደፈው «ፓራቲሲ»ም በ1969 ተጀምሮ ከተቋረጠ በኋላ ዳግም ተመርቷል። ማህተሙ ላይ ለዕቃ ማጠቢያ ማሽን ወይም ለማይክሮዌቭ እንደሚሆን የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለ፣ ሻጩ «የ1950ዎቹ ነው» ቢልም አይቀበሉት።

«የነዳፊው ስም ስላለ በእጁ የተሳለ ነው»

ስሙ ንድፉ የማን እንደሆነ ብቻ ይናገራል። የኖርዌዩ ፊግዮ ፋብሪካ ቱሪ ግራምስታድ ኦሊቨር የነደፈቻቸውን ዕቃዎች በሲልክስክሪን (ቀለም በወንፊት ጨርቅ አሳልፎ በማተም) ያትም ነበር። ሁለት ሳህኖችን ጎን ለጎን ያድርጉ። የመስመሮቹ ውፍረትና ርቀት አንድ ዓይነት ከሆኑ ህትመት ነው። በእጅ ሲሳል ብሩሹ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሲነሳ ይሳሳል። የአራቢያው «ቫሌንሲያ» በእውነት በእጅ የተሳለ ነው፤ ከስሩ ያሉት አጫጭር ፊደላት ግን የሠዓሊዋ እንጂ የነዳፊዋ የኡላ ፕሮኮፔ አይደሉም።

«ሽፋኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ጥንታዊ ነው»

ይህ እጅግ የተስፋፋ ነው። ስንጥቁን የሚያመጣው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ለስላሳው ሸክላ (ፖርሴሊን ያልሆነው) ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፤ ከላይ ያለው መስታወት መሰል ሽፋን አብሮ ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። ሽፋኑና ሸክላው ከመጀመሪያው ካልተስማሙ ገና ከምድጃ እንደወጣም ሊሰነጠቅ ይችላል። ፖርሴሊን ግን እርጥበት ስለማይስብ በ200 ዓመቱም ንጹህ ሆኖ ይገኛል። ስንጥቁን በሻይ አቅልሞ ያረጀ ማስመሰልም የታወቀ ማጭበርበር ነው።

ለመለየት የስልክዎን መብራት ከሳህኑ ጀርባ ያብሩ። ስስ ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፣ ለስላሳው ሸክላ አያሳልፍም።

የተሰነጠቀ ሳህን ቢያድፍ በረኪና ውስጥ አይንከሩት። ፈሳሹ በስንጥቁ ገብቶ ሸክላው ውስጥ ይቀራል፤ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ሽፋኑን ከታች እየገፋ ይልጠዋል። ማህተሙን ለማየት ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከሽፋኑ ስር ያለ ማህተም አይለቅም፤ ከሽፋኑ በላይ የታተመ በተለይም ወርቃማው ግን በብረት ቡሩሽ አንዴ ከተፈተገ አይመለስም።

«የአገር ስም ከሌለው ከ1891 በፊት የተሠራ ነው»

አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት ያስገደደችው በ1890 በወጣው የታሪፍ ሕግ ነው፤ ተግባራዊ የሆነው በ1891 ነው። ሕጉ የሚነካው ወደ አሜሪካ የሚላከውን ብቻ ነው። ለስዊድን ወይም ለዴንማርክ ቤት የተሠራ ሳህን በ1950ም ያለ አገር ስም ሊወጣ ይችል ነበር።