ጎግልስ ለምን ጭጋግ ይለብሳል? ምንስ ይደረጋል?

ጎግልስ ዙሪያውን ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ መከላከያ መነጽር ነው። ከአቧራ፣ ከፍንጣሪ፣ ከንፋስና ከበረዶ ዓይንን ይጠብቃል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ከመግጠሙ ነው። የፊት ሙቀት፣ ላብና ሽቅብ የሚወጣ ትንፋሽ ውስጡ ይታፈናሉ። ውጭው ሲቀዘቅዝ ሌንሱም ይቀዘቅዛል፤ እርጥቡ አየር ሲነካው ወደ ውሃ ይለወጥና በጥቃቅን ጠብታዎች ይለጠፍበታል። ጠብታዎቹ ብርሃኑን ስለሚበትኑት ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል።

ታዲያ ይጠረጋላ፣ ምን ችግር አለው? ችግሩ ሰው ማየት ሲያቅተው ቀድሞ የሚያደርገው ነገር ማውለቅ መሆኑ ነው። ፔይንትቦል በሚባለው፣ በቀለም ኳስ የመተኳኮስ ጨዋታ ጥይቱ በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ሜትር ይበርራል፣ ዓይን ካገኘ ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ሜዳው ውስጥ ጭምብል ማውለቅ ክልክል ነው። ደጅ ግራይንደር ይዞ ብረት የሚቆርጥ ሠራተኛም «ለአንዴ ነው» ብሎ ግንባሩ ላይ ሲሰቅለው ነው ፍንጣሪው የሚገባው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ስፕሬይ ሊገዛ ነው። እኔ ግን አየሩ ይቅደም ባይ ነኝ። ጎግልስ ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳዎች አሉት፤ ኮፍያ ከደፈናቸው፣ በረዶ ከሞላባቸው ወይም አቧራ እንዳይገባ ብለን ፕላስተር ከለጠፍንባቸው የትኛውም ቅባት አያድነንም። ሌላው ጥፋተኛ ሻርፕ ነው። አፍንጫ ላይ ጠብቆ ሲታሰር ትንፋሹን በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይልከዋል። ግንባር ላይ ማውጣትም እንደዚያው፣ ላብ የሞላው ግንባር ሌንሱን ከታች ሆኖ ያጥነዋል። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ሲወርዱ ደህና ያዩና ቆመው ወረፋ ሲጠብቁ የሚጨልምባቸው ንፋሱ ስለሚቆም ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ይህን መብራት ላይ ሲቆም ያውቀዋል፤ የሄልሜቱን መስታወት ትንሽ ገርበብ ያደርጋል።

ቀዳዳ ማብዛት ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ኬሚካል የሚረጭ ወይም በደቃቅ አቧራ ውስጥ የሚሠራ ሰው በተዘዋዋሪ የሚተነፍስ (አየር በተከለለ ጠማማ መንገድ የሚገባበት) ወይም ጨርሶ የተዘጋ ጎግልስ ያስፈልገዋል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ይጨልማል። እዚህ ላይ ድርብ ሌንስ ይረዳል። በመሃል ያለው አየር ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ የውስጠኛው ሌንስ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ይህን ለበረዶ ሸርተቴ ያስለመደው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ቦብ ስሚዝ ነው። ለሞተር ሄልሜት መስታወት ከውስጥ የሚገጠመው ፒንሎክ የሚባል ተጨማሪ ሌንስም ሥራው ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የቅባት ነገር የሚመጣው። ፀረ ጭጋግ ቅብ ውሃው እንዳይኖር አያደርግም፤ ጠብታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስስ ሽፋን እንዲዘረጋ ያደርገዋል፣ ያኔ ያሳያል። ሳሙናም ይህንኑ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጠፈርተኛው ዩጂን ሰርናን ጀሚኒ 9 ከተባለችው መንኮራኩር ወጥቶ ሲሠራ የራስ ቁሩ መስታወት ጨልሞበት ምንም ማየት አቅቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ናሳ መስታወቱን ሳሙና ባለበት ውህድ ማስወልወል ጀመረ። ውህዱም የራሱ መዘዝ አለው፦ በ2001 ካናዳዊው ጠፈርተኛ ክሪስ ሃድፊልድ ከመንኮራኩር ውጭ ጠፈር ላይ ሲሠራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ለጊዜው ማየት ተስኖት ነበር። ስለዚህ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል፤ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል።

ይህ ግን ቅብ ለሌለው ሌንስ ነው። ከፋብሪካው ተቀብቶ የመጣ ውስጠኛ ሌንስ ሲረጥብ ለስላሳ ስለሚሆን በጣት ወይም በሸሚዝ ከፈተጉት ይላጣል። ውሃውን አራግፎ እንዲደርቅ መተው ይሻላል። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚባለውን አትስሙ፣ ይቧጭራል። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃም ብዙ ሌንስ ለሚሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለፖሊካርቦኔት አይሆንም።

ሲገዙ ምልክቱን ማየት ነው። በአውሮፓው ደረጃ ኤን (N) ፊደል፣ በአሜሪካው የ2020 ደረጃ ደግሞ ኤክስ (X) ፊደል ጭጋግ የመቋቋም ፈተና ማለፉን ይናገራል። የዕይታ መነጽር ከሥር የሚያደርግ ሰው ግን ሁለት የሚጨልም ነገር አለው፤ ለእሱ በዕይታ ቁጥሩ የተሠራ ጎግልስ ወይም ኮንታክት ሌንስ ይሻለዋል።