ስለ ቆዩ ድምፆች አያያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል የመገልበጥ ሥራ ስለምሠራ፣ ከመንዝም ከመርሐቤቴም ካሴት ይዘው ከሚመጡ ሰዎች ዘወትር የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«የድምፅ ቤተ መዛግብት የዘፈን ማከማቻ ነው።» አይደለም። በ1899 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቪየናው ቤተ መዛግብት ከጅምሩ ቋንቋዎችንና የሰዎችን ንግግር ጭምር ይቀርጽ ነበር፤ ሙሾም፣ ፉከራም፣ የሽማግሌዎች ጨዋታም ስፍራቸው እንዲህ ያለ ቤተ መዛግብት ነው።

«ያልተጫወተ ካሴት አይበላሽም።» ይበላሻል። እርጥበት ከገባበት ድምፁ የተቀረጸበትን የማግኔት ዱቄት በፕላስቲኩ ላይ የያዘው ማጣበቂያ ተቀምጦም ይላላል።

«መገልበጥ የደቂቃ ሥራ ነው።» የ60 ደቂቃ ካሴት በአግባቡ ሲገለበጥ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ ጽዳቱ ሳይቆጠር።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ግን «ስልክ ላይ ከገባና ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ በኋላ ካሴቱ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ዩቲዩብም ሆነ ቴሌግራም ማሰራጫ እንጂ ማቆያ አይደሉም፤ አካውንቱ ሲዘጋ ድምፁም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም በ96 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ 2 ጊጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ወዳለው ኤምፒስሪ ተጨምቆ ሲቀየር 58 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይሆናል፤ በዚህ መካከል የተጣለው ተመልሶ አይገኝም። አንዲት የመንዝ እናት በአባታቸው ለቅሶ ላይ የተቀዳውን ሙሾ በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ። የገለበጠላቸው ሰው የቴፑን ራስ (ከካሴቱ ላይ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) ሳያጸዳና ሳያስተካክል ስለቀዳው የአስለቃሿ ድምፅ ታፍኗል፤ ከግጥሙ የሚለየው የየስንኙ መጨረሻ ብቻ ነበር። ካሴቱ ቢኖር ኖሮ የቴፑን ራስ በአልኮል አጽድቼ፣ አቀማመጡንም ካሴቱ ላይ ካለው ቅጂ ጋር አስማምቼ ዳግም እቀዳው ነበር፤ እርሳቸው ግን «ተገልብጧል» ተብለው ጥለውታል። የምንጃሩ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ100 ዓመት በላይ አስቀድመው ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹትን ዜማ ዛሬ የምንሰማው ሸክላው ስላልተጣለ ነው።

የዛሬው የድምፅ ቤተ መዛግብት ሥራ ዕቃውን ከመጠበቅ አልፎ ፋይሉን በየጊዜው ወደ አዲስ ማከማቻ ማዛወርን፣ እንዳልተለወጠም ማረጋገጥን ይጨምራል። እናንተም ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ፤ አንዱን ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጡ፤ ካሴቱንም ከምድጃ ጭስና ከእርጥበት አርቁት። የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ የት፣ በማን ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይና መቼ እንደተቀዳ ድምፁን የሚለዩት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ከፋይሉ ጋር ጻፉ።