ሚያዝማ ምንድን ነው? የታሪካዊ ልቦለድ ሕመምተኞች የሚተነፍሱት አየር

ስለ ጥንት ዘመን ወረርሽኝ የሚጽፍ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙን ምልክት በሚገባ አጥንቶ ነው የሚመጣው። በብብትና በብሽሽት የሚወጣው እብጠት፣ የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት፣ በኮሌራ የተያዘው ሰው ፊት በሰዓታት ውስጥ ሟሽሾ መጥቆሩ፣ ሁሉም በቦታው ይሰፍራል። ስሕተቱ የሚገባው በሌላ በር ነው። ገጸ ባሕርያቱ ልብሳቸውና አነጋገራቸው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ሳለ ስለ በሽታ የሚያስቡት እንደ ዛሬ ሰው ነው። አስታማሚዋ ማንም ሳይነግራት ውኃ ታፈላለች። ሐኪሙ እጁን በሳሙና ታጥቦ ወደ ቁስሉ ይጠጋል። አባት ልጆቹን "ከአይጥ ራቁ" ብሎ ያስጠነቅቃል። ጽሑፉ ያን ጊዜ ከዘመኑ ይወጣል፤ አንባቢም ምክንያቱን ባይለየው እንኳ መውጣቱ ይታወቀዋል። እንዲህ ካለው ስሕተት የሚያድነው አንድ ሐሳብ አለ፤ ሚያዝማ ይባላል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚያዝማ ማለት ከበሰበሰ ነገር፣ ከረግረግ፣ ከሬሳ፣ ከቆሻሻ ጉድጓድና ሰው ከታጨቀበት ክፍል የሚነሣ፣ ወደ ሰውነት ገብቶ በሽታ የሚያመጣ የተበላሸ አየር ነው። አስተሳሰቡ ሥር የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ በሂፖክራጥስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጌለን የተባለው ሐኪም ከአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ትምህርት ጋር አያያዘው፤ እነርሱም ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ናቸው። "አየሩ ለሁሉም አንድ ከሆነ ለምን አንዱ ታሞ ሌላው ይተርፋል?" ለሚል ጠያቂ መልስ ነበረው። የፈሳሾቹ ሚዛን የተዛባበት ሰው ይታመማል፣ ሚዛኑ የተስተካከለለት ይቋቋማል። በአየሩ ክፋትና በሰውየው አቋም መካከል ማንኛውንም ሕመምና ማንኛውንም ፈውስ ማስረዳት ይቻል ነበር። ሐሳቡ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዘለቀው ሰዎች ሞኞች ስለነበሩ አይደለም።

እንዲያውም በዓይን የሚታየው ነገር ሁሉ ያግዘው ነበር። ረግረግ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በትኩሳት ይወድቃሉ፤ ወደ ተራራ የወጡት ይድናሉ። ምልከታው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ብቻ ነው። ምክንያቱ በረግረጉ ላይ የምትራባው የወባ ትንኝ መሆኗን ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ያሳየው በ1897 ነው። በለንደን ደግሞ ዊልያም ፋር የተባለው የስታቲስቲክስ ሰው የኮሌራን ሟቾች ከመኖሪያቸው ከፍታ ጋር ሲያስተያይ፣ ከቴምዝ ወንዝ ዳር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሞት እየቀነሰ እንደሚሄድ አገኘ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰውየው ትጉህ፣ ቁጥሩም የጠራ ነበር። ዝቅ ባለው ሰፈር የሚጠጣው ውኃ የባሰ የተበከለ መሆኑን አላየም እንጂ። ያለፈው ዘመን ሐኪም ሲሳሳትም በማስረጃ ነው የሚሳሳተውና፣ እንዲህ ያለውን ሰው የማይረባ አድርጎ የሚስል ደራሲ ያሳዝነኛል።

በዚህ ዓለም አደጋን የሚለየው አፍንጫ ነው። ብዙ ልቦለድ የጥንቱን ከተማ ግማት ለጌጥ ያህል ይገልጸዋል፦ ፍግ፣ የቆዳ ፋቂ ጉድጓድ፣ የዓሣ ገበያ። በመንገዱ የሚሄደው ሰው ግን ሽታው ከማስጠላት አልፎ ያስፈራዋል። እያንዳንዱ ክፉ ጠረን ወደ ሳምባው የሚገባ ሞት ነው። መሐረቡን አፍንጫው ላይ የሚጭነው፣ ከታመመ ሰው ቤት በር ላይ ትንፋሹን የሚይዘው፣ አልጋው አጠገብ ሲቆም ፊቱን ወደ ሌላ የሚያዞረው ለዚህ ነው።

በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ቸነፈር አውሮፓን ሲያጠቃ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ለንጉሡ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በ1345 ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ በአንድ ላይ መግጠማቸው አየሩን እንዳበላሸው ገለጹ። በአቪኞ የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌሜንጦስ 6ኛ በሐኪማቸው ምክር በሁለት ታላላቅ እሳቶች መካከል ተቀምጠው ወረርሽኙን አሳለፉ። ጳጳሱ ተረፉ፤ ቁንጫ ወደዚያ ሙቀት መቅረብ ስለማይወድ ምክሩ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ሐኪሙም ታካሚውም ግን እሳቱ አየር እንደሚያጠራ እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡም። የቸነፈሩ ባክቴሪያ የታወቀው በ1894፣ የቁንጫዋ ድርሻ የተገለጸው ደግሞ በ1898 ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያ ባለ ምንቃር ጭንብል አንድ ነገር ልበል። በወረርሽኝ ልቦለዶች ሽፋን ላይ ሳይቀር የሚታየው፣ እንደ ወፍ ረጅም ምንቃር ያለው የሐኪም ልብስ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። በ1348 ጎዳና ላይ ማቆም ሦስት መቶ ዓመት መሳት ነው። ጭንብሉ ራሱ የሚያዝማ ሥራ ነው። ምንቃሩ ውስጥ መዓዛ ያለው ቅጠልና ቅመም ይታጨቃል፤ ሐኪሙ የሚተነፍሰው አየር በዚያ በኩል ተጣርቶ እንዲገባለት። ሰም የተቀባው ረጅም ካፖርት ደግሞ ክፉው አየር ልብሱ ላይ እንዳይጣበቅ ነው። ካፖርቱ ሳይታሰብ ቁንጫን ከገላ አርቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ግን በልብሱ ውስጥ ያለው ሰው አያውቅም፣ በልቦለዱም ውስጥ ማወቅ የለበትም።

ታዲያ ያ ዘመን በመተላለፍ አያምንም ነበር? ያምን ነበር፤ ብዙ ደራሲ የሚደናገረውም እዚህ ነው። የራጉሳ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ) ከተማ በ1377 ከተበከለ ቦታ የሚመጡትን ሠላሳ ቀን ለይታ ታቆይ ነበር። ቬኒስ በ1423 በደሴት ላይ የወረርሽኝ ሆስፒታል ከፈተች። በ1665 የለንደን ቸነፈር የታመመ ሰው ያለበት ቤት ከነቤተሰቡ ይዘጋል፣ በሩ ላይ ቀይ መስቀል ይደረጋል፣ ዘበኛ ይቆማል። በዚያው ዓመት አየሩን ለማጥራት በየመንገዱ እሳት ነደደ፤ የኢተን ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ከበሽታ እንዲጠበቁ ትምባሆ እንዲያጨሱ ታዘዙ። ለእኛ የሚጋጩ የሚመስሉት ሁለቱ ሐሳቦች ለእነርሱ አንድ ነበሩ። የታመመ ሰው ትንፋሽ ራሱ የተበላሸ አየር ነው፤ ያ አየር በሱፍ፣ በፀጉር፣ በአልጋ ልብስና በወረቀት ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። ስለዚህ ደብዳቤ በእሳት ላይ ይታጠናል፣ ሳንቲም ኮምጣጤ ውስጥ ይነከራል፣ የሟች ፍራሽ ይቃጠላል።

ይህን ሁሉ ወደ አንድ ክፍል እናስገባው። ልጅ ታሟል። እናት የመንገዱን መስኮት ትዘጋለች፣ ምክንያቱም በመንገዱ ዳር ቦይ አለ። ምድጃው ላይ የጥድ ቅጠል ትጨምራለች፣ ጢሱ ክፍሉን እስኪሞላው። ወለሉን ኮምጣጤ ትረጫለች። ልጁን ሙቅ ውኃ አታስነካውም፤ የቆዳውን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየሩን ያስገባዋልና። ደም የሚቀዳው ሐኪም መጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ልጁ ግማሹን የጠጣበትን ኩባያ አንሥታ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ውኃ ለሚለምናት ታናሽ ወንድሙ ትሰጠዋለች።

አንባቢ እዚያ ኩባያ ላይ ልቡ ይሰነጠቃል። እናቲቱ አልሰነፈችም፣ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች፣ ለልጆቿ ብላ ተጨንቃለች፤ እንዲህ ያለ ትዕይንት የሚገኘውም ደራሲው የዛሬን እውቀት ከክፍሉ አውጥቶ ለአንባቢ ብቻ ሲተወው ነው። "ኩባያውን እጠቢው" የሚል አንድ አስተዋይ አክስት ካስገባበት ትዕይንቱ ይሞታል። ከዘመኑ ሁሉ ቀድሞ ብቻውን የነቃ ሐኪም የሚቆምባቸው ታሪኮች የሚያደክሙኝም ለዚህ ነው፤ እውነተኞቹ ፈር ቀዳጆች እንኳ እንዲህ አልነበሩም።

ሐኪሙን ኢግናዝ ዘመልቫይስን እንውሰድ። በ1847 በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞችና ተማሪዎች የሚያዋልዱበት ክፍል የአራሶች ትኩሳት እናቶችን ይፈጅ ነበር፤ በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ያህሉ ሞቱ። አዋላጆች የሚሠሩበት ክፍል ግን ይሻል ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው አስከሬን ሲመረመር በስለት ተወግቶ፣ በዚያው ዓይነት ሕመም ሲሞት ዘመልቫይስ ነገሩ ገባው። ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ይመጣሉ፤ እጃቸው ላይ የሬሳ ነገር አለ። እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ሲያዝዝ የሞቱ መጠን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ከመቶ ገደማ ወረደ። ክሎሪንን የመረጠው ስለ ጀርም አውቆ አይደለም። በሳሙና የታጠበ እጅ የሬሳ ሽታ ስለማይለቀውና ክሎሪን ያንን ሽታ ስለሚያጠፋ ነው። ወደ እውነቱ የመራው አፍንጫው ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተርም ካርቦሊክ አሲድን ለቁስል ያሰበው በካርላይል ከተማ የፍሳሽ ሽታ ለማጥፋት እንደሚውል ሰምቶ ነው።

ሐሳቡ ያው ሆኖ ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። የከተማ ንጽሕና ማሻሻያ አራማጁ ኤድዊን ቻድዊክ በ1846 ለእንግሊዝ ምክር ቤት ኮሚቴ ሲመሰክር፣ ሽታ ሁሉ በበረታ ጊዜ ራሱ በሽታ እንደሆነ ተናገረ። በዚህ እምነት የለንደን ቤቶች የቆሻሻ ጉድጓድ እየተጠረገ ወደ ቴምዝ እንዲፈስ ተደረገ። ቤቶቹ ከሽታ ጸዱ፤ ከወንዙ የሚጠጣው ሕዝብ ኮሌራን ጠጣ። በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው የብሮድ ስትሪቱን የውኃ ፓምፕ ጠርጥሮ እጀታው በመስከረም 8 ቀን እንዲነቀል ቢያደርግም፣ ባለሥልጣናቱ ኮሌራ በውኃ ይተላለፋል የሚለውን ምክንያቱን አልተቀበሉትም። በሰኔ 1858 ቴምዝ በሙቀቱ ገማ፤ የምክር ቤቱ መጋረጃዎች በክሎሪን ኖራ ተነክረው ተሰቀሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም የታላቁ ፍሳሽ ማስወገጃ ሕግ ጸደቀ። ስኖው በዚያው ሰኔ ሞተ። ግማቱን ለማራቅ የተቆፈሩት ቦዮች የለንደንን ውኃ አዳኑት፤ በ1866 ኮሌራ ሲመለስ በብርቱ የመታው ሥራው ያልደረሰበትን የምሥራቁን ክፍል ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታሪኩን ለሚያቆም ደራሲ ዘመኑ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለእኔ ግን የተሻለው ዘመን ይህ ነው። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በ1882፣ የኮሌራን በ1884 ይፋ ካደረገ በኋላም ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ቤተሰብ ማዕድ ላይ አብረው ኖረዋል። ለሙኒክ ንጹሕ ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃ የታገለው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ባክቴሪያው ብቻውን፣ ያለ አመቺ አፈርና አየር፣ ወረርሽኝ አያስነሣም ብሎ ይከራከር ነበር። በጥቅምት 1892፣ በ73 ዓመቱ፣ የኮሌራ ባክቴሪያ የተራባበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው። ቀላል ተቅማጥ ያዘውና ተሻለው፤ እርሱም አሸንፌአለሁ አለ። በዚያው ዓመት በሐምቡርግ ያልተጣራ የኤልበ ወንዝ ውኃ የሚጠጡ ከ8,000 በላይ ሰዎች በኮሌራ ሞቱ፤ የወንዙን ውኃ በአሸዋ አጣርታ የምታከፋፍለው የጎረቤቷ የአልቶና ሟቾች ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ነበሩ። ሁለቱን ከተሞች የሚለየው አንድ መንገድ ነበር፤ አየራቸውም አንድ ነው።