ወንዝ ሲሻገሩ ሞተር እንዳይጠፋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ድልድይ በሌለበት መንገድ የቤንዚን መኪና ውሃ መሃል ጸጥ ማለቱ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ወንዙ ሳይደረስ በፊት ኮፈኑ ውስጥ ነበር። የሚከተለው በዋናነት ዲስትሪቢዩተር (ኮረንቲውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል) እና የካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል) ገመድ ያላቸውን የድሮ ላንድ ሮቨርና ላንድ ክሩዘር የመሳሰሉ መኪኖች ይመለከታል።

«ሞተሩን የሚያጠፋው የውሃው ብዛት ነው»

ከኮይሉ (የባትሪውን ኮረንቲ ከፍ ከሚያደርገው ክፍል) የሚወጣው ኮረንቲ ከ20,000 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ወደ ካንዴላው ከመሄድ የቀለለ መንገድ ካገኘ ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል። ያንን መንገድ የሚያበጅለት ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ የተጋገረው ዘይትና አቧራ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ኮረንቲ ያሳልፋል። ንጹህ ክዳን የተወሰነ ርጭት ይችላል፣ የቆሸሸው በጤዛም ይጠፋል።

ስለዚህ ክዳኑን ነቅለው ውስጡንም ውጭውንም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በውስጠኞቹ የብረት ጫፎች መሃል የእርሳስ ጭረት የመሰለ ጥቁር መስመር ካዩ ኮረንቲው ፕላስቲኩን አቃጥሎታል ማለት ነው፤ መፋቅ አያድነውም፣ ክዳኑ ይቀየራል። ገመዶቹን ለመፈተሽ በጨለማ ሞተሩን አስነስተው ውሃ በስሱ ይርጩባቸው። ሰማያዊ ብልጭታ የሚዘልበት ገመድ ወንዝ አያሻግርም። በእጅ አይንኩት፣ ከቬንትሌተሩም ይራቁ።

«ግራሶ በደንብ ከተለቀለቀበት ውሃ አይገባም»

ተራ ግራሶ የገመዱን ጎማ ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል። የሚፈለገው ለኤሌክትሪክ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ እሱም በስሱ፣ በገመዱ ጫፍ ባለው የጎማ ቆብ የውስጥ ጠርዝ ዙሪያ ብቻ። ክዳኑን ዙሪያውን በማጣበቂያ መድፈን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ውስጥ የሚዘለው ብልጭታ ኦዞን ይፈጥራል፤ መውጫ ካጣ ብረቱን ይበላል። የጋለው ክዳን ውሃ ነክቶት ሲቀዘቅዝም ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በተገኘችው ቀዳዳ ውሃ ይስባል። የአሜሪካ ጦር ኤም-38 ጂፕ ዲስትሪቢዩተር ውሃ እንዳይገባው ታሽጎ ሲሠራ እንኳ መተንፈሻ ቱቦ ተደርጎለታል።

ደብሊው ዲ-40 የረጠበን ክፍል ለማድረቅ ጥሩ ነው። ከመሻገር በፊት ተረጭቶ ግን እንደ ሽፋን አይቆይም።

«ፈጠን ብሎ ማለፍ ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው ምክር ይህ ነው። ፍጥነት ውሃውን ወደ ኮፈኑ ያስገባዋል። ቬንትሌተሩ ጋ ከደረሰ ደግሞ ክንፎቹ መልሰው ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይረጩታል፤ አንዳንዴም ወደ ፊት ታጥፈው ራዲያተሩን ይበሳሉ።

መጀመሪያ ጥልቀቱን በረጅም ዱላ ይለኩ (አዞ ባለበት ወንዝ ይህም አይሞከርም)። ለቀድሞው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር የተፈቀደው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከራዲያተሩ ፊት ጠንካራ ሸራ ወጥረው ይሰሩ። ከዚያ በከባዱ ማርሽ፣ በ1ኛ ወይም በ2ኛ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይግቡ። ከመኪናው ፊት ትንሽ ማዕበል ይነሳል፣ ከኋላው ኮፈኑ ሥር ያለው ውሃ ዝቅ ይላል። ያንን ማዕበል ሳይቆሙና ፍሪሲዮን ሳይረግጡ መከተል ነው።

የቬንትሌተሩን ቺንጋ መፍታት ይቻላል፤ ግን በብዙ የድሮ መኪኖች ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውንም ያዞራል። ለአጭር መሻገሪያ ብቻ ይሁን፣ ማዶ እንደደረሱም ወዲያው ይመለስ።

«ስኖርክል ካለ ስጋት የለም»

ስኖርክል ከፍ የሚያደርገው የአየር መሳቢያውን ነው። ዲስትሪቢዩተሩና ኮይሉ የነበሩበት ናቸው።

«ናፍጣ መኪናን ይህ አይመለከተውም»

ግማሽ እውነት ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም፤ በአየር መሳቢያው ውሃ ከገባ ግን ጉዳቱ ይብሳል። አዲሶቹ ደግሞ ኮምፒውተርና ሴንሰር አላቸው፣ ሶኬቶቻቸው እርጥበት ይፈራሉ።

«ከጠፋ ደጋግሞ ሞተሪኖ መምታት ነው»

ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ይጋጨውና ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይታጠፋል። መኪናውን ጎትተው ያውጡና የአየር ፊልትሮውን ይክፈቱ። ፊልትሮው ደረቅ ከሆነ ችግሩ የኮረንቲ ነው፦ ክዳኑን፣ ሮተሩን (ክዳኑ ሥር የሚሽከረከረውን) እና የገመዶቹን ጫፍ አድርቀው ያስነሱ። ከረጠበ ግን ካንዴላዎቹ በሙሉ ይፈቱ፣ ዋናው የኮይል ገመድ ይነቀል፣ ከዚያ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ ይመታ፤ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ተረጭቶ ይወጣል። መልሰው ከመግጠምዎ በፊት የሞተር ዘይቱን በመለኪያው ይመልከቱ። ነጣ ብሎ ከሆነ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ሳይቀየሩ ሞተሩ አይነሳም።