የሲ ፕሮግራምን ከአንዱ ዩኒክስ መሰል ሥርዓት ወደ ሌላው ማሸጋገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ወጣቶች የያዙት መሣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሊነክስ ይጭናል፤ ላፕቶፕ የሌለው በአንድሮይድ ስልኩ ቴርሙክስ የተባለውን የትእዛዝ መስጫ መተግበሪያ አውርዶ ኮዱን እዚያው ኮምፓይል ያደርጋል (ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይተረጉማል)፤ አልፎ አልፎ ማክቡክ የያዘም አይጠፋም። ሦስቱም ዩኒክስ መሰል (ዩኒክስ የተባለውን የቆየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አሠራር የሚከተሉ) በመሆናቸው በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም እንዲሁ ይሠራል የሚል እምነት አለ፤ ከዚህ እምነት የሚወለዱት ስህተቶች ግን ብዙ ሰዓት ያስፈጃሉ።

«ኮዱ ያለ ስህተት ኮምፓይል ከሆነ ተሸጋግሯል።»

ከሁሉም የሚጎዳው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የእኛ ፊደል መኖሩን የሚለይ ትንሽ ፕሮግራም እንውሰድ። «ድሬዳዋ» የሚለው ስም ፊደላትን በባይት በሚወክለው የዩቲኤፍ-8 አሠራር ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ በጠቅላላው 12 ባይት ይይዛል፤ የ«ድ» የመጀመሪያ ባይት ዋጋም 225 ነው። ጸሐፊው ባይቱን «ቻር» በተባለው ዓይነት ተቀብሎ የእኛ ፊደል መሆኑን ለማወቅ ከ127 መብለጡን ቢጠይቅ፣ በአርም ፕሮሰሰር በሚሠራ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ቻር አሉታዊ ቁጥር ስለማይዝ ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ በሊነክስ ሲሞከር ግን ቻር ከ-128 እስከ 127 ያለውን ብቻ ስለሚይዝ ያው ባይት -31 ሆኖ ይነበባል፤ ፕሮግራሙም የከተማችንን ስም እንዳላየ ያልፈዋል። የሲ ቋንቋ ሁለቱንም አሠራር ስለሚፈቅድ በኮምፓይለሩ ላይ የሚፈረድበት ነገር የለም። «ልዩነቱ የአርም ነው» ብሎ መደምደምም አያዋጣም፤ አፕል በራሱ የአርም ማሽኖች ላይ ቻር አሉታዊ ቁጥር እንዲይዝ አድርጓል። ባይትን «አንሳይንድ ቻር» ብሎ በግልጽ መቀበል ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል።

«ሥርዓቱ የፖዚክስን ደረጃ ካሟላ የምንፈልገው ሁሉ አለ።»

ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የሚጋሩትን አሠራር የሚወስነው ደረጃ፣ ፖዚክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣ ወዲህ የማሸጋገርን ሥራ እጅግ አቅልሎታል፤ ይህ ውለታው ሊዘነጋ አይገባም። ይሁን እንጂ ማክኦኤስ የዩኒክስ የምስክር ወረቀት ያለው ሆኖ ሳለ ስም የሌላቸውን ሴማፎሮች (ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች፣ እርስ በርስ የሚጠባበቁባቸውን ምልክቶች) አይደግፍም። ሴማፎሩን የሚያዘጋጀው ፈንክሽን በሄደር ፋይሉ (ፈንክሽኖች በሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ተጠቅሷል፣ ኮዱም ኮምፓይል ይሆናል፣ ሲጠራ ግን ሁልጊዜ ስህተት ይመልሳል። የተመለሰውን ዋጋ የማይመረምር ፕሮግራም ትሬዶቹ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንዲሮጡ ይለቃቸዋል፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ደግሞ አንዴ ታይቶ አንዴ ስለሚጠፋ ለማግኘት አድካሚ ነው።

«ሥርዓቱን በስሙ ለይቶ፣ ለሊነክስ ይህ፣ ለቢኤስዲ ያ፣ ብሎ መጻፍ ይበቃል።»

«ስትርኤልሲፒዋይ» የተባለው ጽሑፍ መገልበጫ ፈንክሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ቢኤስዲ ከተባለው የዩኒክስ ቤተሰብ አንዱ ከሆነው ከኦፕንቢኤስዲ ጋር የመጣ ሲሆን፣ የሊነክሱ የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ግን እስከ 2023 ድረስ አልነበረውም። ስለዚህ ብዙ ፕሮግራሞች «ሊነክስ ከሆነ የራስህን ተጠቀም» የሚል መስመር ነበራቸው። ጂሊብሲ በ2.38 ቅጂው ፈንክሽኑን ሲጨምር፣ የራሳቸውን ቅጂ በዚያው ስም የጻፉት ከላይብረሪው ጋር ተጋጩ። የአንድሮይድ ላይብረሪ ደግሞ ፈንክሽኑን ቀድሞም ይዞት ነበር፤ ኮምፓይለሩም ስልኩን ሊነክስ ብሎ ስለሚያውቀው ያው መስመር በቴርሙክስ ላይ ገና ከጥንቱ ስህተት ነበረ። መጠየቅ ያለበት የሥርዓቱ ስም ሳይሆን ፈንክሽኑ መኖሩ ነው፤ አውቶኮንፍን የመሰሉ መሣሪያዎች አጭር የሙከራ ኮድ ኮምፓይል እያደረጉ የሚያጣሩትም ይህንኑ ነው። እንደ ሴማፎሩ ባለ ጉዳይ ግን መኖሩ ብቻ ስለማይበቃ ሙከራው ፈንክሽኑን በተግባር ጠርቶ ማየት ይኖርበታል።

«ሼል ማለት ባሽ ነው።»

አይደለም። ሼል ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ሲሆን ባሽ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። በኡቡንቱ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «ኤስኤች» የሚባለው ሼል ዳሽ ነው፤ በፍሪቢኤስዲ ባሽ ከመሠረታዊው ሥርዓት ጋር አይመጣም፣ ተጭኖም ቢሆን የሚቀመጠው በሌላ ማውጫ ነው።

«በእኔ ማሽን ላይ ከሠራ ሥራው አልቋል።»

በግል የተያዘ ማስተካከያ ዋናው ፕሮግራም አዲስ ቅጂ ባወጣ ቁጥር እንደገና መገጠም አለበት። ማስተካከያውን ወደ ዋናዎቹ አዘጋጆች መላክ፣ ከእርሱም ጋር የሥርዓቱን ቅጂ፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት እና ስህተቱን የሚያሳይ አጭር ኮድ ማያያዝ የሥራው ግማሽ ነው። አዘጋጆቹ ቴርሙክስ የጫነ ስልክ ላይኖራቸው ስለሚችል፣ እዚህ የተሞከረው ውጤት እነርሱ በራሳቸው ሊያገኙት የማይችሉት ማስረጃ ይሆናቸዋል።