አጥንት ተገኘ ማለት ዲ ኤን ኤ ተገኘ ማለት አይደለም

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር ካለው መልካ ቁንጡሬ ከሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት ወጥተዋል። ዲ ኤን ኤ (የዘር መረጃን የያዘው ሞለኪውል) ግን ከእነሱ አይጠበቅም። ከዕድሜው ይልቅ ወሳኙ ሙቀቱ ነው፦ በሳይቤሪያ ውርጭ ከሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የማሞዝ (ከምድር የጠፋ ዝሆን መሰል እንስሳ) ዲ ኤን ኤ ተነቧል፤ በእኛ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. ዲ ኤን ኤው የታተመው የጋሞው ሞታ ዋሻ ሰው ዕድሜ 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ናሙናውም የተወሰደው የውስጥ ጆሮን ከከበበው ድፍን አጥንት ነው፤ ሌላው አጥንት ዲ ኤን ኤውን ቶሎ ያጣል።

የሚተርፈው ዲ ኤን ኤ ብጥስጣሽ ነው፤ አብዛኛው ከ100 ፊደል (የዲ ኤን ኤ ሰንሰለት ከሚሠራባቸው አራት ኬሚካሎች) ያንሳል። ጫፉ ላይ ሳይቶሲን የተባለው ፊደል ተበላሽቶ ታይሚን እንደተባለው ሌላ ፊደል ይነበባል። ደግነቱ፣ ይህ ጉዳት የጥንትነት ማስረጃ ነው፦ የቆፋሪው ላብና ምራቅ የተወው ትኩስ ዲ ኤን ኤ ይህ ምልክት የለውም።

ስለዚህ ሰበታ ወይም ሱሉልታ መሠረት ሲቆፈር አጥንት ብቅ ካለ ቁፋሮው ይቁም። አጥንቱ ባለበት ይቆይ፣ ከፀሐይ ይጋረድ፤ በባዶ እጅ አይነካ፣ በተለይ አይታጠብ፤ ውሃ የሌላ ዲ ኤን ኤ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ለፖሊስና ለባህል ጽሕፈት ቤት ይነገር፤ የቅርብ ዘመን አስከሬንም ሊሆን ይችላልና።