ግሪሳ ማሽላው ላይ እያለ አውሮፕላኑ ለምን አይረጭም?

የግሪሳ ወፍ በጠራራ ፀሐይ ማሽላ ሲያራግፍ «አውሮፕላኑ የት ሄደ?» ማለት የተለመደ ነው። ርጭቱ ግን የሚካሄደው ማሳው ላይ ሳይሆን ማደሪያው ላይ ነው፣ ያውም ሲመሻሽ። ቀን ቀን መንጋው በየማሳው ይበተናል፤ ማታ ግን ደንገል ወይም እሾሃማ ግራር ውስጥ ታጭቆ ያድራል፣ መድኃኒቱም እህሉ ላይ አያርፍም። አንዷ ወፍ በቀን 10 ግራም ገደማ ትበላለች። ምንም አይመስልም አይደል? ሚሊዮን ሲሆኑ 10 ቶን ነው። ስለዚህ የናንተ ድርሻ ወፎቹ የሚያድሩበትን ቦታ ቶሎ ለግብርና ባለሙያ መጠቆም ነው፤ እስከዚያው ማማ ላይ ወጥቶ መወንጨፍና ጅራፍ ማጮህ አይቀርም። በርጭቱ የሞተ ወፍ ለቅሞ መብላት ግን በፍጹም! ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን ሰውንም ይመርዛል።